ወለም ማለት የለመደ እግር፦ ችግሩ መሬት ሳይረገጥ በፊት ነው የሚጀምረው

እግራችሁን አንዴ ወለም ብሏችሁ፣ እብጠቱ ሄዶ፣ ሕመሙ ጠፍቶ፣ ድኛለሁ ካላችሁ ከወራት በኋላ ደህና መንገድ ላይ እየሄዳችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ድንገት እጥፍ ብሎባችሁ ያውቃል? ድንጋይ አልረገጣችሁም። አላዳለጣችሁም። ዝም ብሎ ከዳችሁ። አንዴ ብቻ ቢሆን ምንም አይደል፣ ግን ይመላለሳል። እዚህ ጅማ "የሱ እግር ወለም ማለት ለምዶበታል" ሲባል የምንሰማው ይሄን ነው።

ብዙ ሰው ይሄን እንደ ዕድሉ ተቀብሎት ይኖራል። አንዱ ኳስ ያቆማል። አንዷ ታኮ ጫማዋን ለእህቷ ትሰጣለች። ሌላው ክረምት ሲገባ አጭሯን መንገድ እንኳ በባጃጅ ይሄዳል። እኔ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ይሄን ስሰማ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ግን ችግሩ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ሁላችንም የምናስበው ጅማቱን ነው። ጅማት ላላ፣ ስለዚህ እግር ከዳ። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኔ እንደማየው ትልቁ ግማሽ፣ እግሩ አየር ላይ እያለ፣ መሬት ገና ሳይነካ የሚሆነው ነው።

ከአጥንቱ እንጀምር፣ አጭር ነው።

ቁርጭምጭሚት አንድ መገጣጠሚያ ይመስላል እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጡ ሁለት መገጣጠሚያዎች ናቸው። አሁን ቁርጭምጭሚታችሁን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ያዙት። ጎላ ብለው የሚዳሰሱት ሁለት ጉብታዎች የቅልጥም አጥንቶች ጫፍ ናቸው፤ የውስጡ የወፍራሙ፣ የውጩ የቀጭኑ አጥንት። በሁለቱ መሀል ታለስ የሚባል አጥንት አለ። አናጺ አንዱን እንጨት በሌላው ሰንጥቆ እንደሚሰካው አድርጋችሁ አስቡት፦ ሁለቱ ጉብታዎች ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ ታለስ ደግሞ በመሀል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የእግራችሁን ጫፍ ወደ ላይ የምታነሱትና ወደ ታች የምትገፉት በዚህ ነው። ከሱ በታች፣ በታለስና በተረከዝ አጥንት መካከል ያለው ሁለተኛው መገጣጠሚያ ውስጠ እግርን ወደ ጎን ያዘነብላል። ወደ ጅረን ኮረብታ ስትወጡ መሬቱ ጠመም ቢልም እግራችሁ መሬቱን ተከትሎ የሚቀመጥላችሁ በዚህ በታችኛው ምክንያት ነው።

ታለስ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው። የእግር ጫፍ ወደ ላይ ሲነሳ ሰፊው ክፍል በሁለቱ ጉብታዎች መሀል ይገባና ጥብቅ ይላል። የእግር ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ ግን ጠባቡ ክፍል ነው የሚገባው። ያኔ አጥንት ከአጥንት ጋር ያለው መያያዝ ይላላል፣ ሥራው በጅማቶቹና በጡንቻዎቹ ላይ ይወድቃል። ደረጃ ስትወርዱ፣ ከዝላይ ስታርፉ፣ ታኮ ስትጫሙ እግር ያለው በዚህ አቋም ላይ ነው። ወለምታ እነዚህን ጊዜያት የሚመርጠው በአጋጣሚ አይደለም።

ለምን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ በኩል? ጣታችሁ አሁንም ጉብታዎቹ ላይ ከሆነ አመሳክሩ፤ የውጩ ከውስጡ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ እግር ወደ ውጭ ልዘንብል ቢል አጥንት ያግደዋል። ውስጠ እግር ወደ ሌላኛው እግር ዞሮ፣ ሰውየው በእግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ እንዲወድቅ ግን የሚያግደው አጥንት ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሰፊና ጠንካራ ነው፣ በውጭ በኩል ያሉት ግን ሦስት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ከሦስቱ ደካማው ከውጩ ጉብታ ወደ ፊት ሄዶ ታለስ ላይ የሚያርፈው ነው። ወለም ሲል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ጉዳቱ ከበረታ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ይከተላል። የኋለኛው እምብዛም አይነካም።

እንግዲህ ጅማት ይሳባል፣ ይበጠሳል፣ ከዚያ ይጠግጋል፣ አንዳንዴም ረዘም ላላ ብሎ ነው የሚጠግገው። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። ሐኪም እግሩን ይዞ ሲፈትሽ ጅማቱ በጣም የላላ ሆኖ እያለ ኳስ ሲጫወት ምንም የማይሆን ሰው አለ። ጅማቱ ጥብቅ ሆኖ እያለ ደግሞ ሜዳ መንገድ ላይ ወለም ወለም የሚለው አለ። ጅማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሞከሩት አንዱ እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ማይክል ፍሪማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ ይሄ ነበር፦ ጅማትና የመገጣጠሚያው ሽፋን አጥንት አስሮ መያዝ ብቻ አይደለም ሥራቸው፣ ውስጣቸው ስሜት የሚቀበሉ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ጅማቱ ሲበጠስ እነሱም ይበጠሳሉ፣ ስለዚህ አንጎል እግሩ በምን አቋም ላይ እንዳለ የሚነግረው ወሬ ይጎድልበታል። ሕክምና ብሎ ያቀረበው ደግሞ በሚወዛወዝ ጣውላ ላይ ሚዛን ጠብቆ መቆም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ሰዎች ሐሳቡን አርመውታል፣ አስፍተውታልም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄይ ኸርቴል ነገሩን ሁለት ወገን አድርጎ አስቀመጠው፤ በአንድ በኩል የመገጣጠሚያው መላላት፣ በሌላ በኩል የስሜትና የጡንቻ ቁጥጥር መዛባት። አንድ ሰው አንዱ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ሲገጣጠሙ ግን ወለምታው ይበልጥ ይመላለሳል።

አሁን ወደ እርምጃ እንሂድ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሂርማታ የሚሄድ አንድ ጤነኛ ሰው አስቡና አንዱን እርምጃውን እናዘግየው።

ተረከዙ መሬት ይነካል። በዚያች ቅጽበት እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን አካባቢ ነው፣ ውስጠ እግሩ በጣም በትንሹ ወደ ውስጥ ዞሯል። ከዚያ እግሩ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ የታችኛው መገጣጠሚያ ትንሽ ወደ ሌላው ጎን ይዞርና እግሩ ለስለስ ይላል፣ የመሬቱን ቅርጽ ይቀበላል፣ ክብደቱን ያበርዳል። ቀጥሎ ሰውነቱ በቆመው እግር ላይ ያልፋል። ቅልጥሙ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ለዚህም ቁርጭምጭሚቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። ከዚያ ተረከዙ ይነሳል፣ ክብደቱ ወደ አውራ ጣቱ ሥር ይሄዳል፣ ባቱ ይገፋል፣ እግሩ ከመሬት ይለቃል። ከመላው ዑደት 60 በመቶው እግሩ መሬት ላይ ያለበት ነው። የቀረው 40 በመቶ አየር ላይ ነው።

አየር ላይ ያለው ጊዜ ዝም ብሎ እግር ማሻገር ይመስላል። አይደለም። እግር መሬትን ለጥቂት ነው የሚያልፋት፣ የእግር ጫፍ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ እግሩ ለሚቀጥለው አረጋገጥ ይዘጋጃል፤ ጫፉ ምን ያህል ይነሳ፣ ውስጠ እግር ወዴት ይዙር፣ የትኛው ጡንቻ ቀድሞ ይወጠር የሚለው ሁሉ የሚወሰነው መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

ወለም ማለት የለመደ ሰው እርምጃ ላይ መጀመሪያ የሚለየውም ይሄ ነው። በካሜራና በሴንሰር የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር፣ እግሩ መሬት ሊነካ ሲል ውስጠ እግሩ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ወደ ውስጥ ዞሮ መገኘቱን ነው። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። በዓይን አይታይም። ግን እግር መሬትን በሁለት ሴንቲ ሜትር በሚያልፍበት ቦታ ጥቂት ዲግሪ ማለት የውጩ ጠርዝ ወደ መሬት ወረደ ማለት ነው። ያ ጠርዝ የኮብልስቶን ጉብታ ቢነካ፣ ወይም በዝናብ የተቦረቦረ የጥርጊያ መንገድ ከንፈር ላይ ቢያርፍ፣ ክብደቱ ሁሉ ከመገጣጠሚያው ውጭ ባለ ነጥብ ላይ ይወድቃል። ያኔ የሰውየው ክብደት ራሱ ነው እግሩን የሚያጥፈው። "ምንም ሳልረግጥ ወለም አለኝ" የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። መሬቱ አላጠፋም። እግሩ ተዛብቶ ነው የመጣው።

ታዲያ እግር ሲታጠፍ ጡንቻ ለምን አይደርስም? ከቅልጥም ውጭ በኩል የሚወርዱ፣ ሥራቸው እግርን ከመታጠፍ መመለስ የሆነ ጡንቻዎች አሉን። ጅማቱ ሲወጠር መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሄዳል፣ ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣል። ጡንቻው እስኪነቃ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ በቂ ጉልበት እስኪያወጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። እግር ጠርዙን ረግጦ እስኪታጠፍ ያለው ጊዜ ከዚህ ብዙም የማይበልጥ፣ አንዳንዴም የሚያንስ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ከረፈደ ነው የሚደርሰው። ጤነኛ እርምጃን የሚጠብቀው ይሄ አጸፋ ሳይሆን ቀድሞ መዘጋጀት ነው፣ ጡንቻዎቹ መሬት ሳይነካ በፊት በልኩ ተወጥረው መጠበቃቸው። ያ ዝግጅት ደግሞ እግሩ የት እንዳለ ከሚነግር ትክክለኛ ወሬ ነው የሚመጣው። ወሬው ሲዛባ ዝግጅቱም ይዛባል።

እግሩ ሳይታጠፍ በሰላም ቢያርፍም ልዩነቱ ይቀጥላል። ክብደቱ በእግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ ይቆያል። ወደ ውስጥ ዘወር ብሎ መለስለስ የነበረበት እግር እዚያው እንደ ተገተረ ይቀራል፣ አውራ ጣቱ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ግፊቱም ይደክማል። የውጭ ጡንቻዎቹ ደግሞ እግሩን ለመመለስ ሲታገሉ ቀድመው ይነሳሉ። ሐሙስ ገበያ ውሎ የተመለሰ ሰው አንዱ ቅልጥሙ ብቻ፣ ያውም በውጭ በኩል፣ ለብቻው የሚዝልበት ከሆነ ይሄን ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ እግርህን በፊት ወለም ብሎህ ያውቃል?

የሰፈራችን ሜዳ ላይ የሚጫወት አንድ ወጣት ነበር። ግራ እግሩን ደጋግሞ ወለም ይለዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "አይ ጋሼ፣ እሱማ ለምዶበታል" አለኝ እየሳቀ። ጫማውን አውልቆ እንዲገለብጠው ጠየቅኩት። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ትንሽ ተበልቷል፣ እሱ የሁሉም ሰው ነው፣ አያስደንቅም። የግራው ግን ከተረከዙ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ጠርዙ በሙሉ አልቋል፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጎማ ግን አዲስ ይመስላል። ከዚያ በባዶ እግሩ በቀኙ ብቻ ቁም አልኩት። ቆመ። በግራህ አልኩት። ጣቶቹ መሬቱን ቧጠጡ፣ ቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያሉት ጅማቶች አንድ በአንድ ይነሱና ይወርዱ ጀመር፣ ዳሌው ወደ ጎን ወጣ፣ እጆቹ ክንፍ ሆኑ። ዓይንህን ጨፍን ስለው ሦስት ሰከንድ እንኳ አልቆየም። ሳቁን አቆመና "እንዴ፣ ይሄ እግር የኔ አይደለም እንዴ?" አለ። ጉልበት አልጎደለውም፣ የዚያ ልጅ ባት እንደ ብረት ነው። የጎደለው እግሩ የት እንዳለ ማወቅ ነበር።

ዳሌው ወደ ጎን የወጣውን አትርሱት። ቁርጭምጭሚት ሚዛን መጠበቅ ሲያቅተው ሥራው ወደ ላይ ይወጣል። ትንንሹን ማስተካከያ ሁሉ ዳሌ መሥራት ይጀምራል። ዳሌ ግን ትልቅ መገጣጠሚያ ነው፣ ለረቂቅ ሥራ ይዘገያል። ጉልበትም አተጣጠፉን ይቀይራል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አንድ እግር ተጎድቶ የሌላኛው፣ ያልተነካው እግር ሚዛንም ሊቀንስ መቻሉ ነው። ጉዳቱ እዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ታስሮ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ይሄ አይታይም ነበር። ነገሩ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ድረስ ገብቷል፤ አካሄድን የሚያቅደው ክፍል ራሱ አሠራሩን ቀይሯል።

ሌላ ሰው የማይጠብቀው ነገር ልጨምር። ላላ የምንለው ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ድርቅ ያለ ነው። ወደ ጎን ይላላል፣ ወደ ፊት መታጠፍ ግን ያቅተዋል። ታለስ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲገባው ትንሽ ወደ ፊት ቀርቶ ይይዘዋል፣ ወይም ባት ያጥራል። ቅድም 10 ዲግሪ ያልነው መታጠፍ ካልተገኘ ቅልጥም በእግር ላይ በደንብ አያልፍም፤ ተረከዝ ቶሎ ይነሳል፣ ታለስም ጥብቅ ወደሚልበት አቋም ሳይደርስ ይቀራል። እቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበታችሁ ግድግዳውን እስኪነካ እጠፉት፣ ከዚያ እግራችሁን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እያራቃችሁ ጉልበት መንካት እስከሚያቅተው ድረስ ሂዱ። ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለክታችሁ ሁለቱን እግር አወዳድሩ። የተጎዳው በሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ጎን ከማጠንከር በፊት ወደ ፊት ማላላት ያስፈልገዋል። ይሄን ሳያዩ ዝም ብሎ በፋሻ ማሰር ድርቀቱን ይጨምረዋል።

ስንቱ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው? በአየርላንድ ደብሊን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ያላቸውን ሰዎች ዓመት ሙሉ ተከታትሎ ነበር። ከዓመት በኋላ 40 በመቶዎቹ የሚከዳ ቁርጭምጭሚት ይዘው ተገኙ። ማን ይሆናል የሚለውን ቀድሞ ያመለከተው ደግሞ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ዘሎ ማረፍ መቻል አለመቻሉ፣ በስድስተኛው ወር ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ሚዛኑን የመጠበቅ ችሎታው ነበር። ማለትም የመጀመሪያዋ ወለምታ እንዴት እንደተያዘች ብዙ ነገር ይወስናል።

እኛ ደግሞ እንዴት እንደምንይዛት ይታወቃል። ወጌሻ ጋ ይኬዳል፣ ይታሻል፣ ይታሰራል፣ ይተኛል። ወጌሻን ለማጥላላት አይደለም፣ ስንቱን የያዙ ልምድ ያላቸው አባቶችና እናቶች አሉን። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲስ የተበጠሰን ጅማት በኃይል መጎተትና ማሸት ቁስሉን ያሰፋዋል። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ኦታዋ ውስጥ የወጣ፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ቀላል መመዘኛ አለ። ሰውየው ሲጎዳም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የሁለቱ ጉብታዎች የኋላ ጠርዝና ጫፍ ሲጫን አጥንቱ ላይ የሚያመው ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። የመሀል እግር ሕመም ካለና ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ሄዶ በእግሩ የውጭ ጠርዝ መሀል ላይ የሚዳሰሰው ጉብታ፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲጫን የሚያም ከሆነም እንዲሁ። የእግሩ ቅርጽ ከተጣመመ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ነው።

ስብራት ከሌለ አንድ ሁለት ቀን ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ፣ በላስቲክ ፋሻ ማሰር ይበቃል። ከዚያ ሕመሙ በፈቀደ መጠን መራመድ ይጀመራል። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ደግነት ይመስላል፣ ግን ቅድም ያልነውን ወሬ ጭራሽ ያጠፋዋል።

ችግሩ የቆየባችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራው እግራችሁን እንደገና ማስተማር ነው። ዋናው መልመጃ በአንድ እግር መቆም ነው፣ በባዶ እግር፣ ግድግዳ አጠገብ፣ 30 ሰከንድ። ቡናው እስኪንተከተክ ድረስ ጀበናው አጠገብ እየተቀያየሩ መቆም ይቻላል፣ ከሰሉ ግን ራቅ ይበል። ሲቀላችሁ ከብዶ ይቀጥላል፤ ጭንቅላት ወደ ግራና ቀኝ እያዞሩ፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ በታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ስፖንጅ ላይ። ከዚያ በቆሙበት እግር ጉልበትን እያጠፉ በሌላኛው ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ በተቻለ ርቀት መሬቱን መንካት። ዳሌው ወደ ጎን እንዳይወጣ የሚያይላችሁ ሰው ካለ ደስ ይላል፣ ካልሆነ መስታወት። የውጭ ጡንቻዎቹን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ማጠንከር ይቻላል፤ ጎማውን በሁለቱ እግሮች ጫፍ ላይ አጥልቆ፣ ተረከዝ መሬት ሳይለቅ የእግርን ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መክፈት፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብሎ መመለስ። የመመለሱ ነገር ይበልጣል። ጡንቻው መንገድ ላይ የሚፈተነው ሲሳብ ነውና።

አካሄዱም ራሱ መለማመድ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። ቀስ ብላችሁ በባዶ እግር ወለል ላይ ተራመዱ። ተረከዝ መሀሉ ይርገጥ፣ ጠርዙ አይደለም። ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ተከተሉት፣ በአውራ ጣት ሥር ጨርሱ። መጀመሪያ ያስገድዳል፣ ያስቸግራል። ከዚያ ወደ ግቢ፣ ከዚያ ወደ ሣር፣ በመጨረሻ ወደ ቁልቁለት። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ይሰማችሁና ታቆማላችሁ፤ እባካችሁ አታቁሙ፣ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ጫማ ባጭሩ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ጭቃውም ይይዛል። ሶሉ ላይ ጭቃ ሲጋገር እግሩ ይከብዳል፣ ሶሉም እኩል መሆኑን ያጣል፤ ለጤነኛ እግር ቀላል ነው፣ ለተጎዳው ግን ያቺን ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበላበታል። ጭቃውን በየመሀሉ አራግፉት። ጠርዙ ያለቀ ጫማ ይጠገን ወይም ይቀየር፣ እግራችሁን ወደ ተጣመመበት የሚመልሰው እሱ ነው። ኳስ ስትጫወቱ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ወይም በአግባቡ የተጠመጠመ ፕላስተር መጠቀም ወለምታው እንዳይደገም እንደሚረዳ በደንብ ታይቷል። እግር ያሰንፋል የሚለውን ስጋት አትስሙት፣ መልመጃውን እስካልተዋችሁ ድረስ።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። ጉልበትና ዳሌ ላይ የመገጣጠሚያ ማለቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ቁርጭምጭሚት ላይ ግን በአብዛኛው ከቆየ ጉዳት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህም ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያለን ሰው ያገኘዋል። በተዛባ አቋም የሚረገጥ እያንዳንዱ እርምጃ የአጥንቱን ለስላሳ ሽፋን በአንድ በኩል ይፈጨዋል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚውል ነጋዴ፣ ቡና ለሚለቅም ገበሬ ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

መልመጃውን በትክክል ለወራት ሠርቶ አሁንም የሚከዳው ሰው፣ በተለይ ጅማቱ በምርመራ ላላ ተብሎ የተረጋገጠ፣ ቀዶ ሕክምና ሊረዳው ይችላል። ስዊድናዊው ሐኪም ሌናርት ብሮስትሮም እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀው፣ የላላውን ጅማት አሳጥሮ መልሶ የመስፋት ዘዴ ከነማሻሻያው ዛሬም ዋነኛው ነው። ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድ ግን ሰውየው ተመልሶ በአንድ እግሩ ግድግዳ አጠገብ ይቆማል፤ ክሩ ጅማቱን ያጠብቃል እንጂ እግሩ አየር ላይ እያለ ወዴት መዞር እንዳለበት አያስተምረውም።